ሳይፈርሙ ያንብቡት፦ በጦርነት ቀጠና ለሞተ መርከበኛ ባለቤት የሚገባው ካሳና ጡረታ

ጥያቄው የደረሰኝ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ባለቤቴ መካኒካል ኢንጂነር ነበር። እዚህ አገር በአንድ የግል ፋብሪካ 4 ዓመት ከሠራ በኋላ ቢሾፍቱ ባቦጋያ የመርከበኛ ሥልጠና ወስዶ በውጭ የጭነት መርከብ ላይ በሞተር ክፍል ተቀጠረ። ቀይ ባሕር ላይ መርከቡ በሚሳይል ሲመታ ሕይወቱ አለፈ። አስከሬኑ መጥቶልን ቀብረናል። አሁን የቀጠረው ወኪል ውሉ ላይ ካለው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ውሰጂና ፈርሚ ይለኛል። ‹ጦርነት ስለሆነ ኩባንያው አይጠየቅም፤ ይኼም በርኅራኄ ነው› አለኝ። ባለቤቴ ሲቀጠር የቤተሰብ ተጠሪ ብሎ የሞላው የእናቱን ስም ነው፤ ያኔ አልተጋባንም ነበር። ወንድሞቹ ደግሞ ገንዘቡ የውርስ ነው ይላሉ። ጡረታስ ይኖረኛል?»

እህቴ፣ ፈጣሪ ያጽናዎት። ልጆቹን ያሳድግልዎት። ገና ሐዘን ላይ ሆኖ ወረቀት ማገላበጥ ከባድ ነው። ግን ጉዳዩ ጊዜ ስለማይሰጥ በቀጥታ ልግባ።

ወረቀቱን አይፈርሙ። እንዲህ ዓይነት ወረቀቶችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። ከላይ የሟች ስም፣ የመርከቡ ስምና የገንዘቡ መጠን አለ። የሰው ዓይን እዚያ ቁጥር ላይ ይቀራል። ዋናው ነገር ያለው ከታች ነው፦ «ገንዘቡን በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በመርከቡ፣ በባለቤቱ፣ በአስተዳዳሪው፣ በወኪሉና በመድን ሰጪው ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር። ግማሹን ተቀብለው ይህን ከፈረሙ የቀረውን ግማሽ በገዛ እጅዎ ትተውታል ማለት ነው። ፊርማን በኋላ በፍርድ ቤት ለማስፈረስ መሞከር ዓመታት ይፈጃል፣ የጠበቃም ገንዘብ ይበላል።

አሁን «በርኅራኄ ነው» ወደተባለው እንምጣ። ይህ አባባል በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሐሰት ነው። የመርከበኞችን መብት የሚገዛ ዓለም አቀፍ ሕግ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያወጣው የ2006 የማሪታይም የሥራ ኮንቬንሽን ይባላል። በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ነው። መርከቡ የየትኛውን አገር ባንዲራ እንደሚያውለበልብ ይጠይቁ። ከዓለም የጭነት መርከቦች ብዙዎቹ የተመዘገቡት በፓናማ፣ በላይቤሪያ ወይም በማርሻል ደሴቶች ነው። ሦስቱም ኮንቬንሽኑን አጽድቀዋል። ላይቤሪያማ ከሁሉም አገሮች ቀድማ ነው ያጸደቀችው።

በዚህ ኮንቬንሽን ላይ ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ማሻሻያ አለ። የመርከቡ ባለቤት ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ቢሞት ለሚከፈለው ካሳ አስቀድሞ የመድን ወይም ሌላ የገንዘብ ዋስትና መያዝ አለበት። የዋስትናው የምስክር ወረቀትም መርከቡ ውስጥ ሠራተኛው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ክፍያውን በተመለከተ ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው። በውሉ ላይ የተጻፈው ካሳ ሙሉ በሙሉና ሳይዘገይ ይከፈላል። ከውሉ ያነሰ እንዲቀበል በማንም ላይ ጫና ማድረግ አይቻልም። ክፍያውን መቀበል ሌላ ሕጋዊ መብትን አያስቀርም፤ እርግጥ በኋላ በዚያው አደጋ ሌላ ካሳ ቢፈረድ የተከፈለው ሊቀናነስ ይችላል። ከሁሉ በላይ ለእርስዎ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፤ የሟች የቅርብ ቤተሰብ ጥያቄውን በቀጥታ ለዋስትና ሰጪው ማቅረብ ይችላል። ወኪሉን መለመን አይጠበቅብዎትም። እሱ መልእክተኛ ነው እንጂ ከፋይ አይደለም።

«ጦርነት ስለሆነ አይጠየቅም» የሚለውስ? ኮንቬንሽኑ የመርከብ ባለቤት ከኃላፊነት ነፃ ሊደረግባቸው የሚችሉ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። ጉዳቱ ከመርከቡ ሥራ ውጭ የደረሰ ከሆነ፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ ባጠፋው ጥፋት ከሆነ፣ ወይም ሲቀጠር በሽታውን ደብቆ ከሆነ ነው። ጦርነት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሞተር ክፍል ውስጥ ተረኛ ሆኖ የሞተ ሰው በሥራው ላይ ነው የሞተው።

እንዲያውም ጦርነቱ ካሳውን ሊያሳድገው ይችላል። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ አይቲኤፍ የሚባለው፣ ከመርከብ ባለቤቶች ጋር የሚዋዋለው የጋራ ስምምነት አለ። በዚያ ስምምነት መሠረት የጦርነት ቀጠና ተብሎ በተሰየመ ባሕር ላይ ለሚሠራ መርከበኛ የሞትና የአካል ጉዳት ካሳው እጥፍ ነው። በቀጠናው ለቆየባቸው ቀናት ከመነሻ ደሞዙ ጋር እኩል የሆነ ተጨማሪ ክፍያ አለው። አልሄድም ብሎ በኩባንያው ወጪ ወደ አገሩ የመመለስ መብትም አለው። ፊሊፒናውያን መርከበኞች በመንግሥታቸው በወጣ መደበኛ ውል ነው የሚቀጠሩት። በ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) ውል መሠረት የሞት ካሳው 50,000 ዶላር ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 7,000 ዶላር፣ እስከ 4 ልጅ ድረስ። በጦርነት ቀጠና በጦርነት ድርጊት ከሞተ እጥፍ ይሆናል። ይህ ውል ለባለቤትዎ አይሠራም። የጠቀስኩት «በጦርነት ጊዜ ካሳ የለም» የሚለው ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ እንደማይታወቅ እንዲያዩ ነው። የባለቤትዎ መርከብ የጋራ ስምምነት ካለው እጥፉን ይጠይቁ። ከሌለው ውሉ ላይ ያለውን በሙሉ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ የእርስዎ ችግር የቆየ ችግር ነው። የንግድ መርከበኛ በጦርነት ጊዜ ጥይትና ቶርፔዶ ውስጥ ይሄዳል፣ ወታደር ግን አይባልም። ስለዚህ ከሁለቱም መዝገብ ይጎድላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ መርከበኛ መርከቡ ከሰጠመበት ቀን ጀምሮ ደሞዙ ይቋረጥ ነበር። ያ የቀረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1941 ነው። በአሜሪካ የጦርነቱ ንግድ መርከበኞች እንደ ጦር አርበኛ የተቆጠሩት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ካናዳ ደግሞ ለንግድ መርከበኞቿና ለሟቾቹ የትዳር ጓደኞች የአንድ ጊዜ ክፍያ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ 55 ዓመት በኋላ። ብዙዎቹ ሚስቶች ያኔ በሕይወት አልነበሩም። ዛሬ ካሳው በውልና በዋስትና ወረቀት ላይ አስቀድሞ የሚጻፈው ያ ሁሉ ዘመን በልመና ስላለፈ ነው።

ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ አደጋው የታወቀ ነው። የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. «ትሩ ኮንፊደንስ» የተባለው የጭነት መርከብ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ተመትቶ 3 መርከበኞች ሞተዋል። ከዚያ ወዲያ በዚያ መስመር መርከብ የላከ ኩባንያ አደጋውን አላውቅም ሊል አይችልም።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ነገር ውሉን ማግኘት ነው። መርከበኛ ሲቀጠር የተፈረመ ቅጂ ይሰጠዋል። ቤት ካላገኙት ኢሜይሉን ይፈልጉ፤ ውልና የበረራ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይላካሉ። ስልኩ ተመልሶልዎ ከሆነ የፎቶ ማኅደሩን በደንብ ይዩት። መርከበኞች መርከብ ላይ ሲወጡ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ የሚነሷቸው ፎቶዎች አሉ። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ወረቀቶች ይታያሉ፤ ከነዚያ አንዱ ያልኩት የዋስትና የምስክር ወረቀት ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ሲያጎሉት የመድን ሰጪው ስም ይነበባል። ሌላው የሚያስፈልግዎት የመርከቡ የአይኤምኦ ቁጥር፣ ማለትም ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥሩ ነው። 7 አሃዝ ነው። መርከቡ ስሙን ወይም ባለቤቱን ቢቀይርም ይህ ቁጥር አይቀየርም። በዚህ ቁጥር አይቲኤፍ ድረ ገጽ ላይ መርከቡ የጋራ ስምምነት ያለው መሆኑን በነፃ ማየት ይቻላል። ለመርከበኞችና ለቤተሰቦቻቸው ቀንና ሌሊት በነፃ የሚያገለግል «ሲፋረር ሄልፕ» የሚባል የእርዳታ መስመርም አለ።

ከዚያ በጽሑፍ ይጠይቁ። በስልክ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ቁጠሩት። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። የባለቤትዎን ሙሉ ስም፣ የመርከቡን ስምና የአይኤምኦ ቁጥር፣ የሞተበትን ቀንና ቦታ ያስፍሩ። «በውሉና በጋራ ስምምነቱ መሠረት ሙሉ የሞት ካሳ እንዲከፈለን እንጠይቃለን» ይበሉ። የጋራ ስምምነቱን ቅጂ፣ የዋስትናውን የምስክር ወረቀት፣ የካፒቴኑን ሪፖርትና እስከ መጨረሻዋ ቀን ያለውን የደሞዝ ስሌት እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። የደሞዝ ስሌቱ ውስጥ የጦርነት ቀጠናው ተጨማሪ ክፍያ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ለመርከቡ ባለቤት፣ ለአስተዳዳሪው ኩባንያና ለመድን ሰጪው ይላኩ፤ ለወኪሉ ግልባጭ ይበቃዋል። አያዘግዩት። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምሳሌ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በስተቀር ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ በ1 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። የውጭ ሕጎችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው።

ወኪሉም ቢሆን እጁን ታጥቦ አይሄድም። በኮንቬንሽኑ መሠረት መርከበኛ የሚቀጥር ወኪል እሱ ወይም የመርከቡ ባለቤት ግዴታውን ባይወጣ ሠራተኛው ለሚደርስበት የገንዘብ ኪሳራ መካሻ የሚሆን መድን ወይም መሰል ዋስትና ሊኖረው ይገባል። ይህንን ኢሜይሉ ላይ በአንድ መስመር ቢጠቅሱት የአነጋገር ቃናቸው ሲለወጥ ያዩታል። ጫናው ከቀጠለ አቤቱታዎን ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን በጽሑፍ ያስገቡ።

የቤተሰቡ ነገር ከኩባንያው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ኩባንያ የሚጠቀመው ቤተሰብ ሲጣላ ነው። ወንድሞቹ «የውርስ ነው» የሚሉት በሕጉ ልክ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሞት ምክንያት ለሟች የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ የሚከፈል ጡረታና ካሳ የውርሱ ክፍል አይደለም ይላል። ቁጥሩ 828 ነው። ያልተከፈለው ደሞዙ ግን ሌላ ነው። እሱ በትዳር ውስጥ የተገኘ ስለሆነ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ የቀረው ግማሽ ውርስ ይሆናል። ኑዛዜ ከሌለ እሱንም የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ልጅ እያለ ወንድም አይወርስም፣ ወላጅም አይወርስም።

የእናቱ ስም ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የጋራ ስምምነቶች ዋናውን የሞት ካሳ መርከበኛው ላስመዘገበው ሰው ይሰጣሉ። ስለዚህ ኩባንያው ለእናቱ እከፍላለሁ ቢል ያለ ምክንያት አይደለም። የልጆቹ ድርሻ ግን በአይቲኤፍ መደበኛ ስምምነት ለብቻው የተቀመጠ ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ እስከ 4 ልጅ። ያንን ማንም አይነካውም። ዋናውን በተመለከተ ግን እናቱን እንደ ባላጋራ አይዩዋቸው። ልጃቸውን ቀብረዋል። ሁለታችሁም የምታምኗቸውን ሽማግሌዎች አስቀምጡና ተስማሙ። የተስማማችሁትን ደግሞ በቃል አትተዉት። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት፣ ከዚያ አንድ ላይ ሆናችሁ በሁለታችሁም ፊርማ ለኩባንያው ጻፉ። ከአንድ ቤት ሁለት የተለያየ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «እስክትስማሙ» ብለው ገንዘቡን ይዘው ይቀመጣሉ።

ሚስትነትዎን የሚያሳየው ማስረጃ ያስፈልግዎታል። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ካለዎት ጥሩ። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በአገር ባህል ከሆነ የተጋባችሁት ጋብቻው ሕጋዊ ነው፤ የጎደለው ወረቀቱ ብቻ ነው። በምስክሮች ፍርድ ቤት አስወስነው የሚስትነት ማስረጃ ማውጣት ይችላሉ። መታወቂያዎ የአቃቂ ቃሊቲ ከሆነ ጉዳይዎ በአዲስ አበባ ይታያል። ትንሽ ወረድ ብለው ገላን ወይም ዱከም የሚኖሩ ደግሞ ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው የሚሄዱት። በዚያ ዳርቻ ሰው ቤቱ አንድ ጎን፣ መታወቂያው ሌላ ጎን ሆኖ ወር ሙሉ ሲመላለስ አያለሁ። ስለዚህ መታወቂያዎን አስቀድመው ያስተካክሉ። ከውጭ የመጣው የሞት ማስረጃም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥና በሕጋዊ ተርጓሚ መተርጎም አለበት።

ስለ ጡረታው እውነቱን ልንገርዎት። ዘላቂ የጡረታ አበል ማግኘትዎ አይታየኝም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሚሠራው መዋጮ ለተከፈለበት አገልግሎት ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። የውጭው መርከብ እዚህ መዋጮ ካልከፈለ የባሕሩ ዘመን አይቆጠርም። የፋብሪካው 4 ዓመት ይቆጠራል፤ ነገር ግን ለዘላቂ አበል የሚያስፈልገው 10 ዓመት ነው። ይህ ማለት ግን ዝም ይበሉ ማለት አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዘው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ይሂዱና ለ4 ዓመቱ አገልግሎት የሚገባ ዳረጎት ካለ በማመልከቻ ይጠይቁ። አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። ትልቅ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ የልጆቹ ነውና አይተዉት።

ባለቤትዎ በመንግሥት መርከብ ድርጅት ተቀጥሮ ቢሆን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ለሞተ ሠራተኛ የ10 ዓመቱ ቅድመ ሁኔታ አይጠየቅም። ከአበሉ 50 በመቶው ለሚስት፣ 20 በመቶው ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ይከፈላል። ይህን የምጽፈው ሌሎች አንባቢዎች ስላሉ ነው። ባሎቻቸው ድሮ ከአሰብና ከምጽዋ በመንግሥት መርከብ ይሠሩ የነበሩ፣ ዛሬ ቃሊቲና አቃቂ የሚኖሩ እናቶች አሉ። የእነሱ መንገድ በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በኩል ነው እንጂ በጦርነት ካሳ አይደለም። ማኅበራዊ ዋስትናው የሚጠይቀው የአገልግሎትና የትዳር ማስረጃ ነው።

አስከሬን ያልመጣላቸውም ይኖራሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ መጠየቅ ይችላል። ያንን ጊዜ እየጠበቁ ግን የመርከቡን የጉዞ መዝገብ ግልባጭ፣ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝርና ባንዲራዋን የሰጠችው አገር የምርመራ ሪፖርት ይሰብስቡ። ባልዋ ታግቶ ያለባት ደግሞ ይህን ትወቅ፤ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ማሻሻያ መሠረት መርከበኛ በባሕር ላይ ዘራፊዎች ወይም በትጥቅ በታገዘ ዘረፋ ታግቶ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ውሉ አይቋረጥም፣ ደሞዙም ይቀጥላል። ለቤተሰብ ይልከው የነበረውም አብሮ ይቀጥላል። ኅዳር 2016 ዓ.ም. የተያዘው የ«ጋላክሲ ሊደር» መርከብ ሠራተኞች የተለቀቁት ጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ያን ያህል ጊዜ ቤት ያለ ገቢ አይኖርም።

ገንዘቡ ሲመጣ በወኪሉ የባንክ ሒሳብ በኩል አያልፍ። በስምዎ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይክፈቱና ቁጥሩን ራስዎ ለኩባንያው ይላኩ። የልጆቹን ድርሻ ለየብቻ በስማቸው ያስቀምጡ። አባት ሲሞት ሞግዚትነቱ በሕግ የእርስዎ ነው። ሆኖም ባንኩ ወይም ኩባንያው የፍርድ ቤት ወረቀት ሊጠይቅ ስለሚችል ከሚስትነት ማስረጃው ጋር አብረው ያውጡት።

የባለቤትዎ ዕቃም ይመለሳል። ሻንጣው፣ ላፕቶፑ፣ የመርከበኛ መጽሐፉ። ኮንቬንሽኑ የሟችን ንብረት ጠብቆ ለቤተሰብ መመለስን የመርከብ ባለቤቱ ግዴታ አድርጎታል። ከመጽሐፉ ላይ የትኛው መርከብ ላይ መቼ እንደተሳፈረና መቼ እንደወረደ የሚያሳየውን ማኅተም ፎቶ ያንሱና ያስቀምጡ፤ ለደሞዙ ስሌት ይጠቅማል። የውሉን ቅጂ ሲያገኙ የሞት ካሳ የሚለውን ገጽ ይላኩልኝ። አብረን እናነበዋለን፤ የኢሜይሉንም ረቂቅ አዘጋጅልዎታለሁ።